የውጣና ነጥብ፦ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቃቅን ቃላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ በማኅበር ጠላ ዙሪያ ከተቀመጡ አባቶች፣ ስልካቸው ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት መጽሐፍ ቅዱስ ከጫኑ ተማሪዎችም ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። ስለ ትልልቁ ዶግማ አይደለም፤ ስለ አንድ ፊደል፣ ስለ አንድ ቅርጫት፣ ስለ አንድ ሰዓት ነው። መልሱ አንዳንዱ ጋ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ጋ በሁለት መስመር ያልቃል።

«የውጣ» ምን ማለት ነው? የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው?

ስሕተት አይደለም። ማቴዎስ 5፥18 «ከሕግ አንዲት የውጣ ወይም አንዲት ነጥብ ከቶ አታልፍም» ይላል። የውጣ የግሪኩ ፊደል ዮታ ነው፤ ከግሪክ ፊደላት ሁሉ የቀጠነው፣ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ብቻ። ወደ ግእዝ ሲሻገር «የውጣ» ተባለ፣ አማርኛውም እንዳለ ተቀበለው። «ነጥብ» የተባለው ደግሞ በግሪኩ ቃል በቃል «ትንሽ ቀንድ» ነው፤ ከፊደል ጫፍ የምትወጣ ጭረት ማለት ነው።

ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ለመረዳት ግሪክ አያስፈልገውም። «ለ» ላይ አንዲት ጭረት ብትጨምር «ሉ» ትሆናለች። «አለ» እና «አሉ» የሚለያዩት በዚያች ጭረት ነው፤ መምሬን «አለ» ብሎ የጠራ ልጅ ጭረቷን መርሳቱ ምን እንደሚያስከፍለው ያውቃል።

ሌላም አለ። በግሪክ ቁጥር ዮታ 10 ነው፤ የእኛው «፲» ራሱ ከዮታ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ የውጣን ከዐሥርቱ ቃላት ጋር ሲያያይዙት ኖረዋል። የቅዳሜን ሰንበት ክብር ይሟገቱ የነበሩት የመነኩሴው የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትም ይህን ጥቅስ ይዘው ነበር። ክርክሩ የተቋጨው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ.፣ እዚሁ ተጉለት ውስጥ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው። ደብረ ብርሃን ገና አልተቆረቆረችም።

ዳዊቱ «እግዚአብሔር ያየኛል» ነው ወይስ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ልጅ ሆኜ ዳዊት ስደግም «እግዚአብሔር ይሬእየኒ ወአልቦ ዘየኀጥአኒ» የሚለውን «እግዚአብሔር ያየኛል፣ የሚያሳጣኝ የለም» ብዬ ተርጉሜ ነበር። የኔታ አልተቆጡኝም። «በየትኛው አ ነው የጻፍኸው?» ብቻ አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግእዝ «ርእየ» በአልፉ አ ሲጻፍ «አየ» ነው። «ርዕየ» በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ግን «ጠበቀ፣ አሰማራ፣ እረኛ ሆነ» ነው። «መርዔት» የሚለው የመንጋ ስም፣ የአማርኛችን «እረኛ»ም የሚወለዱት ከዚህኛው ነው። የግሪኩ መዝሙር ያለ ጥርጥር «ያሰማራኛል» ስለሚል፣ የግእዙ ትክክለኛ አጻጻፍ «ይሬዕየኒ» መሆን ነበረበት። ይሁን እንጂ አልፉና ዐይኑ በአንደበታችን ከተቀላቀሉ ብዙ ዘመን ስለሆነ፣ ጸሐፊው በጆሮው የሰማውን ሲጽፍ ዐይኑ አልፍ ሆነ፤ እረኛውም ተመልካች ሆነ።

እንዲህ ያለው መምታታት ብዙ ነው። «ሠረቀ» ወጣ (ፀሐይ)፣ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ። «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ። «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፤ «ሰአሊ ለነ ቅድስት»ን በሠ እና በዐ የጻፈ ሰው እመቤታችንን ሥዕል እንድትሥልለት እየለመነ ነው። የሸዋው ሊቅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ፊደላቱ እንዳይቀላቀሉ አጥብቀው የተሟገቱት ለዚህ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ የተደረደረ ነው፤ መጀመሪያ የከፈተው ሰው ቃል ፍለጋ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ግን «ያየኛል» ያለው ሁሉ ፈጽሞ ሳተ ልበል? አልልም። ገጠር ሂዱና አንዲት እናት ልጇን ከብት ስታስረክብ ምን እንደምትለው ስሙ፦ «ከብቶቹን እያቸው!» የእረኛ ሥራው ማየት ነው። ዓይኑን ከነቀለ እህል ውስጥ ይገቡበታል። ቃሉ በፊደል ቢስትም ከሜዳው ብዙ አልራቀም።

ይኸው መዝሙር በአንዱ መጽሐፍ 22፣ በሌላው 23 የሆነው ለምንድን ነው?

የግእዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው። ግሪኩ በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑትን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ከዚያ በኋላ ያለው በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል። መጨረሻው አካባቢ 147ኛውን ለሁለት ስለሚከፍል 150 ላይ ተመልሰው ይገናኛሉ። 151ኛው ጎልያድን ስለ መግደል የሚናገረው ነው፤ በዳዊታችን አለ፣ በዕብራይስጡ ቁጥር የለም። ጥቅስ ስትጠቅሱ የትኛውን ቁጥር እንደተጠቀማችሁ ተናገሩ፤ ብዙ የቡና ላይ ክርክር ይቀራል።

በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፈው ግመል ነው ወይስ ገመድ?

ግመል ነው።

ገመድ የሚለው ከየት መጣ? በግሪኩ ግመል «ካሜሎስ»፣ የመርከብ ወፍራም ገመድ ደግሞ «ካሚሎስ» ይባላል። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው፤ በኋለኛው ዘመን ግሪክ ሁለቱ በአንድ ድምፅ ይነበቡ ነበር። ልክ እንደ አልፉና ዐይኑ። ጥቂት የኋላ ዘመን ቅጂዎች ገመድ ብለው ጽፈዋል፤ የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስም ገመድ ብሎ ተርጉሞታል። በአማርኛ «ግመል» እና «ገመድ» መመሳሰላቸው ግን እንዲያው አጋጣሚ ነው፤ «አማርኛውም ይመሰክራል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቡና ጋብዙትና ወደ ሌላ ወሬ አዙሩት።

ሌላው ተረት «ኢየሩሳሌም ውስጥ የመርፌ ቀዳዳ የሚባል ጠባብ በር ነበረ፣ ግመሉ ጭነቱን አራግፎ በጉልበቱ ተንበርክኮ ያልፋል» የሚለው ነው። ለስብከት ይጥማል። እንዲህ ያለ በር በጌታ ዘመን ስለመኖሩ ግን ምንም ማስረጃ የለም፤ ታሪኩ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ የመጣ ነው። ደግሞም ደቀ መዛሙርቱ «እንኪያስ ማን ሊድን ይችላል?» ብለው የተገረሙት፣ ተንበርክኮ የሚታለፍ በር ቢሆን ኖሮ ለምን ነበር? የአይሁድ መምህራንም የማይሆን ነገር ሲናገሩ በመርፌ ቀዳዳ ስለሚያልፍ ዝሆን ያወሩ ነበር። ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ከአፋር የመጣ ግመል አጠገብ የቆመ ሰው ምሳሌው ለምን እንደሚያስቅም እንደሚያስደነግጥም ያውቃል።

ጌታ ያበዛው እንጀራ ነበር? እነርሱ ጤፍ ነበራቸው?

ጤፍ አልነበራቸውም። በዮሐንስ 6፥9 ብላቴናው የያዘው «አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ» ነው። የግሪኩ ቃል የተጋገረ፣ በእርሾም ያለ እርሾም ሊሆን የሚችል ዳቦ ነው፤ በዚያ ዘመን ጠፍጣፋና ክብ፣ ከእኛ ቂጣ ወይም አነባብሮ ጋር የሚቀራረብ። ግእዙ «ኅብስት» ይላል፤ በቅዳሴ የምንሰማው እርሱ ነው። የአማርኛው ተርጓሚ «እንጀራ» ሲመርጥ የዳቦውን ቅርጽ ትቶ የቃሉን ክብደት ያዘ። በአማርኛ «እንጀራ» ምግብ ብቻ አይደለም፤ ኑሮ ነው። «እንጀራ ፍለጋ ሄደ»፣ «እንጀራው ተዘጋ»፣ «የእንጀራ እናት» እንላለን። «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» የሚለው «የሕይወት ዳቦ እኔ ነኝ» ቢባል ስንቱ ጆሮ ላይ ይቀዘቅዝ ነበር!

ዋጋ የከፈለበት ቦታም አለ። «እንጀራንም አንሥቶ» የሚለውን የጸሎተ ሐሙስ ንባብ ሰምቶ ጌታ የጤፍ እንጀራ ቆረሰ ብሎ የሚያስብ ሕፃን አጋጥሞኛል። አቡነ ዘበሰማያት ላይ ግእዙ «ኅብስት» ሳይሆን «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ይላል፤ ሲሳይ ሰፊ ነው፣ ምግብን ሁሉ ይይዛል። አማርኛው «የዕለት እንጀራችንን» ብሎ አጠበበው ወይም አሰፋው፣ እንደ ሰሚው ነው። እዚያው ላይ «የዕለት» የተባለው የግሪክ ቃል ከወንጌሉ በፊት በሌላ ጽሑፍ ውስጥ በእርግጠኝነት አልተገኘም፤ «ለዛሬ የሚሆን» ነው፣ «ለነገ» ነው፣ «ለመኖር የሚበቃ» ነው እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። ግእዙ «የየዕለቱን» ብሎ ቆረጠ።

የመንዝ ሰው ግን አንድ ነገር ያለ ተርጓሚ ይገባዋል፦ «የገብስ» መባሉ። ማርቆስ፣ ማቴዎስና ሉቃስ የእህሉን ዓይነት አይናገሩም፤ ዮሐንስ ብቻ ነው ገብስ ያለው። በፍልስጥኤም ስንዴ የሚበላው የተሻለ ያለው ነበር፤ ገብስ የድኻ ነው። መንዝ ላይ ገብስ ክብር ነው፣ በሶውም ጠላውም እርሱ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ደጋ ሰው ያነበበው ጊዜ ድህነቱ ላይታየው ይችላል። ልጁ የያዘው ርካሹን ምሳ ነው።

አሥራ ሁለቱ መሶብና ሰባቱ ቅርጫት ልዩነት አላቸው?

አላቸው፤ ተርጓሚውም ሳያምታታ ይዞታል፣ ሊመሰገን ይገባል። አምስት ሺህ ሰው በበላበት ጊዜ የተረፈው በ«መሶብ» ነው የተሰበሰበው፣ አራት ሺህ በበላበት ጊዜ በ«ቅርጫት»። ግሪኩም ሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠቀማል። በማርቆስ 8፥19-20 ጌታ ራሱ ሁለቱን ድርጊቶች ሲያስታውሳቸው ሁለቱን ዕቃዎች ለያይቶ ይጠራል፤ ስለዚህ ወንጌላዊው አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ አልጻፈም ለሚሉ ሰዎች ይህች ትንሽ ዕቃ ጥሩ ምስክር ናት። ሁለተኛው ዕቃ ትልቅ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ 9፥25 ላይ ጳውሎስን በደማስቆ ቅጥር ያወረዱት በዚያው ዓይነት ቅርጫት ነው። ሰው የሚይዝ! «ሰባት ከአሥራ ሁለት ያንሳል» ብሎ የሚቆጥር ሰው የዕቃውን መጠን ረስቷል።

መጥምቁ ዮሐንስ እውነት አንበጣ በላ?

ግሪኩም ግእዙም አማርኛውም አንበጣ ነው የሚሉት። በእኛ አገር «አንበጣ የሚባል የበረሃ ቅጠል ነው» የሚለው ትርጓሜ ሰፊ ነው፤ የባሕታዊ ምግብ ሥጋ ነክ አይሆንም ከሚል የመጣ ይመስለኛል። ነገር ግን ዘሌዋውያን 11፥22 አንበጣን ከሚበሉት ይቆጥረዋል፤ ለአይሁዳዊ ነውር አይደለም። የእኛ ሰው አንበጣን የሚያውቀው በ2013 ዓ.ም. የምሥራቅ አማራን ቆላ እንዳጠቃው መንጋ በጠላትነት ነው። ጠላቱን በነቢይ ማዕድ ላይ ማየት ይከብደዋል። ይህ የትርጉም ሳይሆን የሆድ ጉዳይ ነው።

ጌታ እናቱን «አንቺ ሴት» ብሎ ተቆጣት?

በአማርኛ ስትሰሙት ቁጣ ነው፤ ባል ሚስቱን በር ላይ ሲያመናጭቅ የሚለው ዓይነት። በግሪኩ ግን ሴትን በአክብሮት መጥሪያ ነው። በመስቀል ላይ ሆኖ ለዮሐንስ አደራ ሲሰጣትም ያንኑ ቃል ነው የተጠቀመው፤ እዚያ ቁጣ አለ የሚል የለም። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል የለውም፦ «እሜቴ» ቢል የጌትነት፣ «እማማ» ቢል የልጅ፣ «አንቱ» ቢል የእንግዳ ይሆናል። አንዱም የቃናውን ሰርግ አይሆንም።

ተከታዩ «ከአንቺ ጋር ምን አለኝ?» የዕብራይስጥ አነጋገር ነው፤ 1ኛ ነገሥት 17፥18 ላይ የሰራፕታዋ መበለት ለኤልያስ ትለዋለች። እንደ አገባቡ ጠብም እርቅም ይሆናል። የእኛ መምህራን «ያልሽኝን እንዳላደርግ ከአንቺ ጋር ምን ጠብ አለኝ?» ብለው ያቃኑታል። ቀጥሎ ወይኑን ማድረጉ፣ እርሷም «የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ» ማለቷ ለዚህ ትርጓሜ ጉልበት ይሰጠዋል።

«ዘጠኝ ሰዓት» በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?

በእኛ። በዚህ ነገር ከብዙ ሕዝብ ይልቅ እኛ ዕድለኞች ነን። በወንጌል ዘመን ቀን የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጣት ነው፤ የእኛም እንዲሁ። «ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ» ሲባል እኩለ ቀን ላይ ጀምሮ ማለት መሆኑን የስቅለት ዕለት የሰገደ ሁሉ ያውቃል። በወይኑ አትክልት ምሳሌ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የተቀጠሩት ሠራተኞች አንድ ሰዓት ብቻ ሠሩ፤ አሥራ ሁለት ላይ ጀንበር ትጠልቃለች። እንግሊዝኛውን የሚያነብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን «ዘጠነኛ ሰዓት»ን ጠዋት አድርጎ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ «ከሌሊቱም በአራተኛው ክፍል» (ማቴዎስ 14፥25) ከሌሊቱ አራት ሰዓት አይደለም። ሮማውያን ሌሊቱን ለአራት የጥበቃ ተራ ይከፍሉ ነበር፤ አራተኛው ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ንጋት ነው።

«እውነት እልሃለሁ፥ ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ»፤ ነጠላ ሰረዙ ከዛሬ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የጥንት የግሪክ ቅጂዎች ሥርዓተ ነጥብ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ «ዛሬ እልሃለሁ» ነው የሚሉ አሉ። ግሪኩ ላይ «ዛሬ» በሁለቱ ግሦች መካከል ቆሟል። አማርኛ ግን ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ መካከል መቆም አይቻልም፦ ወይ «ዛሬ እልሃለሁ» ወይ «እልሃለሁ፥ ዛሬ»። ተርጓሚው ሰረዝ ባያደርግም በቃል ቅደም ተከተሉ መርጧል። ምርጫው ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ ጌታ «እውነት እልሃለሁ» ሲል በሌሎቹ ቦታዎች ሁሉ የጊዜ ቃል አይጨምርበትም።

«አንድም» ማለት መምህራኑ እርግጠኛ አይደሉም ማለት ነው?

አይደለም። በአንድምታ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህሩ የግእዙን ንባብ ያነባል፣ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል፣ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌሎቹን ይደረድራል፤ ታሪክና ምሳሌ ካለ ያገባል። ይህ በብሉይ፣ በሐዲስ፣ በሊቃውንትና በመነኮሳት አራት ጉባኤ ተከፍሎ በቃል የሚጠና ነው፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባል የአተረጓጎም ልዩነትም አለው። የዘመኑ ተርጓሚ ያልመረጠውን ይጥለዋል ወይም ግርጌ ላይ ይደብቀዋል። አንድምታው ያልመረጠውንም ሰሚው ፊት ያቆመዋል። የሚያስቸግረው ከአምስቱ አንድም አንዷን መዝዞ፣ አራቱን ደብቆ፣ በሰው ላይ የሚመዝዝ ነው።

አንድ ቃል ሰውን እስከ መከፋፈል ያደርሳል?

ሸዋ ይህን በሚገባ ያውቃል። ሐዋርያት ሥራ 10፥38 «በመንፈስ ቅዱስ በኃይልም ቀባው» ይላል። «ቀባው» ምን አደረገለት? የሚለው ጥያቄ ስለ ክርስቶስ የሚከራከሩትን ሦስት ወገኖች፣ ተዋሕዶን፣ ቅብዐትንና ሦስት ልደትን ለይቶ ትውልዶች አወዛገበ። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ ሦስት ልደት የበረታ ነበር፤ ነገሩ የተወሰነው በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በጠሩት፣ ምኒልክም በተገኙበት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መቼ ተተረጎመ? ሸዋስ ድርሻ አለው?

ሙሉውን በመጀመሪያ የተረጎመው አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው፤ በካይሮ፣ በፈረንሳዩ ቆንስል በአስለን ደ ሼርቪል ጠያቂነት፣ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶበት። የእጅ ጽሑፉን የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። ወንጌሎቹ ቀድመው ወጥተው ስለነበር፣ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. አንኮበር የተቀመጠው ሚስዮናዊው ክራፕፍ መጻሕፍቱን ያድል ነበር። እርሱ ራሱ ግን አንኮበር ላይ የተረጎመው ወደ ኦሮምኛ ነው። ዛሬ ብዙ ቤት ያለው ከላይ የአማርኛ ጥቅሶቹን የወሰድኩበት የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ነው።

ግሪክም ዕብራይስጥም አላውቅም፤ እንዴት ላጣራ?

የ1954ቱን፣ አንድ አዲስ ትርጉምና ግእዙን ከአማርኛ ጋር የያዘውን ዳዊት ወይም ወንጌል ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሦስቱ ከተስማሙ እለፉ። ከተለያዩ ቃሉን ጽፋችሁ ግእዝ ወዳወቀ ሰው ውሰዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «በአልፉ ነው በዐይኑ?» ብሎ ስለሆነ፣ ስትገለብጡ ፊደሉን እንዳለ ገልብጡት፣ ስልኩ በራሱ የሚያስተካክለውንም አጥፉበት።